ወጣቶቹ ቡናማ ድንኮችና የእኛ ሲኒየር ፕሮጀክት

የሲኒየር ፕሮጀክት ርዕስ መምረጫው ሰሞን በደረሰ ቁጥር በዲፓርትመንታችን ኮሪደር የሚደጋገም አንድ አባባል አለ። «አስትሮኖሚ ደስ ይላል፤ ምን ዋጋ አለው፣ ቴሌስኮፕ የለንም።» ይህን ያለ ተማሪ ርዕሱን ይተውና ከእርሱ በፊት የነበሩ ባቾች ደጋግመው ወደሠሩት ርዕስ ይሄዳል። አድቫይዘሩም አይፈርድበትም፤ እውነትም ቴሌስኮፕ የለማ! በበኩሌ ግን ይህ ምክንያት ለሁሉም የአስትሮኖሚ ዘርፍ አይሠራም ባይ ነኝ። በተለይ ወጣት ብራውን ድዋርፎችን ማለትም ቡናማ ድንኮችን በኢንፍራሬድ ጨረር ፈልጎ ማጥናት የሚባለው ዘርፍ፣ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ በነፃ ተቀምጦ የሚመረምረው ሰው የሚጠብቅ ዘርፍ ነው። ይህን አቋሜን በማስረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ቡናማ ድንክ ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው ኮከብ የሚወለደው ከጋዝና ከአቧራ ደመና ነው። ደመናው በራሱ ስበት ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ መሐሉ እየጋለ ይሄዳል። መጠነ ቁሱ በቂ ከሆነ ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም መቀየር ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ሳያወላውል ያበራል። መጠነ ቁሱ ከፀሐይ 7 ወይም 8 በመቶ ገደማ በታች ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ይህ መጠን ከጁፒተር ከ75 እስከ 80 እጥፍ ማለት ነው። እዚህ ላይ በስታቲስቲካል ሜካኒክስ ኮርስ ለፈተና ብለን የሸመደድነው ነገር ብቅ ይላል። የፓውሊ ሕግ ኤሌክትሮኖች ከልክ በላይ እንዲታጨቁ አይፈቅድም፤ ከዚህ የሚመጣው ግፊት አካሉ ይበልጥ እንዳይጨመቅ ያደርገዋል። በመሆኑም መሐሉ ሃይድሮጅንን በዘላቂነት ለማቃጠል የሚያስፈልገው ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ከጁፒተር 13 እጥፍ ገደማ በላይ የሆነው ዲዩቴሪየም የተባለውን ከባድ ሃይድሮጅን ለተወሰነ ጊዜ ያቃጥላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው በሙሉ መቀዝቀዝ ነው። ከምድጃ ወጥቶ እንደተቀመጠ ፍም እየደበዘዘ ይሄዳል። በነገራችን ላይ፣ ስሙ ቡናማ ይበል እንጂ ቀለሙ ቡናማ አይደለም።

እንዲህ ዓይነት አካላት ሊኖሩ እንደሚችሉ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሺቭ ኩማር በስሌት አሳየ። «ብራውን ድዋርፍ» የሚለውን ስም ያወጣችላቸው ጂል ታርተር ናት፤ ጊዜው 1975 ነው። በእርግጠኝነት የተገኙት ግን በ1995 ነው። አንደኛው ፕሌያዲስ በሚባለው የከዋክብት ዘለላ ውስጥ ያለው ቴይዴ 1 ሲሆን፣ ሌላው ከእኛ 19 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው ግሊዘ 229ቢ ነው። ከስሌቱ እስከ ግኝቱ ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በጣም ደብዛዛ ናቸው። ያቺ ያላቸው ብርሃን ደግሞ በአብዛኛው የምትወጣው ዓይናችን በማያየው በኩል ነው።

ዓይን የማያየው ብርሃን

የዊን ሕግን ሁላችንም እናውቀዋለን። 2,898ን በኬልቪን ሙቀት ብናካፍል አካሉ ከሁሉ አብልጦ የሚያበራበትን የሞገድ ርዝመት በማይክሮ ሜትር ይሰጠናል። ፀሐይ 5,800 ኬልቪን ገደማ ስለሆነች 0.5 ማይክሮ ሜትር እናገኛለን፤ ዓይናችን ደህና አድርጎ የሚያየው ብርሃን ነው። 2,500 ኬልቪን ለሆነ ወጣት ቡናማ ድንክ መልሱ 1.16 ይሆናል። 1,000 ኬልቪን ድረስ ለቀዘቀዘው 2.9 ይመጣል። የሰው ዓይን 0.7 ገደማ ላይ ስለሚያቆም ሁለቱም ከዓይናችን ድንበር ውጭ ናቸው፤ ኢንፍራሬድ (ታህተ ቀይ) ውስጥ ገብተዋል።

ሁለተኛው ምክንያት አቧራ ነው። ወጣት ቡናማ ድንኮች ገና የተወለዱበትን ደመና ለቀው አልወጡም። በዓይን የሚታየውን ብርሃን በ10 ማግኒቱድ የሚያደበዝዝ አቧራ ከፊታቸው ቢኖር፣ ከ10,000 ፎቶን የሚያልፈው አንዱ ብቻ ነው። በ2.2 ማይክሮ ሜትር ግን ያው አቧራ የሚያደበዝዘው በ1.1 ማግኒቱድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከሦስት ፎቶን አንዱ ያህል ያልፋል። ካልኩሌተር ያለው ሰው ራሱ አስልቶ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ችግሩ በአየራችን ውስጥ ያለው የውሃ ተን ብዙውን ኢንፍራሬድ መዋጡ ነው። ስለሆነም ምርጥ የሚባሉት የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፖች እንደ ሃዋይ ማውና ኬያና እንደ ቺሊ አታካማ ባሉ ከፍተኛና ደረቅ ቦታዎች ይተከላሉ፤ ወይም ጭራሽ ወደ ሕዋ ይላካሉ። ስፒትዘር ከ2003 እስከ 2020 ሠርቷል። ዋይዝ በ2009 መጨረሻ ተልኮ በ2010 ሰማይን በሙሉ በ3.4፣ በ4.6፣ በ12 እና በ22 ማይክሮ ሜትር ቃኝቷል። ባለ 6.5 ሜትር መስታወቱ ጄምስ ዌብ ደግሞ በታኅሣሥ 2021 ወጥቷል።

ለምን ወጣቶቹ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። ኮከብ ለረጅም ጊዜ ብርሃኑ ስለማይለዋወጥ ድምቀቱ መጠነ ቁሱን ይነግረናል። ቡናማ ድንክ ግን ዕድሜውን ሙሉ ስለሚቀዘቅዝ ድምቀቱን ብቻ አይቶ ይህን ያህል ነው ማለት አይቻልም። ያው 1,200 ኬልቪን የሆነ አካል ሸምገል ያለ ከባድ፣ ወይም ገና የተወለደ ቀላል ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በ2013 የተገኘው ፒኤስኦ ጄ318 ከጁፒተር 6 ወይም 7 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው፤ ያንኑ ያህል የሚያበራ አሮጌ ቡናማ ድንክ ግን ከእርሱ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ዕድሜው ያልታወቀ ቡናማ ድንክ ግማሽ መረጃ ነው።

ይህ ነገር የመስኩን ሊቃውንት ሳይቀር ግራ አጋብቷል። ከላይ የጠቀስኩት ግሊዘ 229ቢ ከተገኘ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ መጠነ ቁሱ በስበት ሲለካ ከጁፒተር 70 እጥፍ ገደማ ሆነ። እንዲህ የከበደ አካል ግን በዚያ ዕድሜ ከዚያ የበለጠ ማብራት ነበረበት። ስሌቱ ተሳስቶ ይሆን? መልሱ በ2024 መጣ፤ አንድ ሳይሆን ሁለት ናቸው። ከጁፒተር 38 እና 34 እጥፍ ገደማ የሆኑ ሁለት አካላት በ12 ቀን አንዴ እርስ በርስ ይዞራሉ። «መጀመሪያ የተገኘው» ከሚባሉት አንዱ እስከ 2024 ድረስ መንታ መሆኑ አልታወቀም ነበር።

የወጣቶቹ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ልደቱን የማያውቅ ሰው በአብሮ አደጎቹ ዕድሜው እንደሚታወቅ ሁሉ፣ ወጣት ቡናማ ድንክም ብቻውን አይገኝም። አብረውት ከተወለዱ ከዋክብት ዘለላ ውስጥ ስለሚገኝ የዘለላው ዕድሜ የእርሱም ዕድሜ ነው። በኦሪዮን ኔቡላ ያሉት ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ቢሆናቸው ነው። የቲደብልዩ ሃይድሬ ቡድን 10 ሚሊዮን ገደማ፣ ፕሌያዲስ ደግሞ ከ100 ሚሊዮን ትንሽ በለጥ ይላል። በዚያ ላይ ወጣቱ ገና ትኩስና ሰፊ ስለሆነ ደማቅ ነው፤ ከጁፒተር 30 እጥፍ የሆነ አካል በተወለደ በጥቂት ሚሊዮን ዓመቱ፣ ቢሊዮኖች ዓመታት ካለፉት ጊዜ ከሺህ ጊዜ በላይ ያበራል።

ወጣትነቱ በስፔክትረሙም ይታወቃል። የስበት ጥንካሬ በራዲየስ ስኩዌር እንደሚካፈል እናውቃለን። ያው መጠነ ቁስ ያለው አካል ራዲየሱ ገና ሦስት እጥፍ ከሆነ የገጹ ስበት ዘጠኝ ጊዜ ያነሰ ነው። ስበቱ ሲላላ ከባቢ አየሩ ይሳሳል፤ የሶዲየምና የፖታሲየም መስመሮች ይደክማሉ፤ በ1.65 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ያለው የስፔክትረሙ ቅርጽም እንደ ሦስት ማዕዘን ሾል ይላል። የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ሕግ በብርሃን ላይ ተጽፎ ይነበባል ማለት ነው።

ወጣቶቹ ንድፈ ሐሳብንም ይፈትናሉ። በ2006 ኬቫን ስታሱንና ባልደረቦቹ በኦሪዮን ውስጥ እርስ በርስ የሚጋረዱ ሁለት ወጣት ቡናማ ድንኮች ማግኘታቸውን አሳወቁ። መጠነ ቁሳቸው በቀጥታ ተለካ፤ ያልተጠበቀው ነገር ግን ከባዱ ከቀላሉ ቀዝቅዞ መገኘቱ ነው። ጥርጣሬው በጠንካራ መግነጢሳዊ እንቅስቃሴ ላይ አረፈ። በ2005 ደግሞ ከጁፒተር 8 እጥፍ ገደማ የሆነ አንድ ወጣት አካል በስፒትዘር ሲታይ በዙሪያው የአቧራ ዝርግ ተገኘበት፤ ፕላኔቶች የሚሠሩበት ዓይነት። በ2023 በጄምስ ዌብ ከጁፒተር 3 ወይም 4 እጥፍ የሆነ በነፃነት የሚንሳፈፍ አካል አይሲ 348 በተባለ ዘለላ ውስጥ ተገኘ። ኮከብ የሚወለድበት መንገድ የት ላይ ያቆማል? ፕላኔት የሚባለውስ ከየት ይጀምራል? ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም።

ካታሎግ ውስጥ የነበረው ግኝት

አሁን ቴሌስኮፕ የለንም ወደሚለው ልመለስ። ቱማስ የተባለው ቅኝት ከ1997 እስከ 2001 በአሪዞናና በቺሊ ባሉ ሁለት ባለ 1.3 ሜትር ቴሌስኮፖች ሰማይን በሙሉ በሦስት የኢንፍራሬድ ቀለሞች ለካ። ውጤቱ 470 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ያሉበት ካታሎግ ሆነ። ማንም ሰው በነፃ ይወስደዋል።

ጆን ጊዚስ በ2002 በዚህ ቅኝት ውስጥ የቲደብልዩ ሃይድሬ ቡድን አባል የሆኑ ቀያይና ደብዛዛ አካላትን ሲፈልግ 2ኤም 1207 የተባለውን አገኘ፤ ከጁፒተር 25 እጥፍ ገደማ የሚሆን ወጣት ቡናማ ድንክ ነው። በ2004 ጋኤል ሾቫንና ባልደረቦቹ በቺሊ ባለ 8.2 ሜትር ቴሌስኮፕ በኢንፍራሬድ ሲያዩት፣ ከጎኑ ከጁፒተር 5 እጥፍ ገደማ የሆነ ሌላ ነጥብ አገኙ። ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ በቀጥታ ፎቶ የተነሣ የመጀመሪያው ፕላኔት አከል አካል ይኸው ነው። ታላቁ ቴሌስኮፕ ወዴት መዞር እንዳለበት የጠቆመው ማን ነው? ካታሎግ ያገላበጠ ሰው ነው።

ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ አጋጣሚ አይደለም። በ2017 የተጀመረ አንድ ፕሮጀክት የዋይዝን ምስሎች ለማንኛውም ፈቃደኛ ክፍት አደረገ። ፈቃደኞቹ ኮምፒውተራቸው ላይ ተቀምጠው እያዩ፣ በ2020 ብቻ 95 አዳዲስ ቡናማ ድንኮች ማግኘታቸው ይፋ ሆነ። እነዚህ እንኳ አሮጌና ቀዝቃዛ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ዋናው ነገር ግን ግኝቱ የመጣው መረጃውን ደግሞ ካየ ዓይን መሆኑ ነው።

ደግሞ ማየት ለማረምም ይጠቅማል። በ2023 በጄምስ ዌብ ምስሎች ላይ በኦሪዮን ውስጥ ጁፒተር አከል የሆኑ 40 ያህል ጥንዶች ተገኙ ተብሎ ዓለም ጉድ አለ። በ2024 ኬቨን ሉማን ያንኑ መረጃ እንደገና መርምሮ አብዛኞቹ የዘለላው አባላት ሳይሆኑ ከበስተኋላ ያሉ ቀያይ አካላት ናቸው አለ። ክርክሩን ያስነሣው አዲስ ቴሌስኮፕ አልነበረም።

ታዲያ እኛ ምን እንሥራ?

ሐሳቤን በአንድ ምሳሌ ልግለጽ። ሲግማ ኦሪዮኒስ የሚባለው ዘለላ ዕድሜው 3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ርቀቱ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን አቧራው ጥቂት ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። አንድ ተማሪ የዚህን አካባቢ ሠንጠረዥ ከቱማስ፣ ከዋይዝና ከጋያ ሳተላይት ካታሎጎች ያወርዳል። ቶፕካት በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሦስቱን ያዛምዳል። ቀለምን ከድምቀት ጋር በግራፍ ያስቀምጣል። ቀያይና ደብዛዛ የሆኑትን ለይቶ እንቅስቃሴያቸውና ርቀታቸው ከዘለላው ጋር መስማማቱን ይፈትሻል። በ12 ማይክሮ ሜትር ከሚገባው በላይ የሚያበራ ካለ በዙሪያው የአቧራ ዝርግ እንዳለ ይጠረጥራል። ቱማስ የሚያሳየው ደመቅ ያሉትን ስለሆነ፣ ለደብዛዛዎቹ ዩኪድስ የተባለው ጠለቅ ያለ ቅኝት አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ሴሚስተር ያልቃል።

«ስፔክትረም ከሌለ ማረጋገጥ አይቻልም» የሚል መምህር ቢኖር እውነቱን ነው። ቀይ ሆኖ የሚታይ ሁሉ ቡናማ ድንክ አይደለም፤ በአቧራ የቀላ ሩቅ ኮከብም ጋላክሲም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሲግማ ኦሪዮኒስ በብዙዎች የተጠና ስለሆነ ተማሪው የራሱን ዝርዝር ከታተሙት ጋር ማስተያየት ይችላል። ከሚታወቁት ስንቱን አገኘ? ስንቱ አመለጠው? ለምን? ይህ ራሱን የቻለ ጥሩ ጥናት ነው። ንጽጽር ለሚፈልግም ሃዋይ ባለው ባለ 3 ሜትር ቴሌስኮፕ የተሰበሰቡ የቡናማ ድንክ ስፔክትረሞች በነፃ ይገኛሉ።

ሌላው ተቃውሞ ኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔታችን እንዴት እንደሆነ እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሆኖም የምንፈልገው የቁጥር ሠንጠረዥ እንጂ ምስል አይደለም፤ የአንድ ዘለላ ሠንጠረዥ በአንዲት ፍላሽ ጥግ ያድራል። አንድ ጊዜ ከወረደ ዲፓርትመንቱ አስቀምጦ ለየባቹ ሊያድለው ይችላል።

«ለአገር ምን ይጠቅማል?»

ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። በአገራችን ስንት አንገብጋቢ ነገር እያለ ከጁፒተር በ8 እጥፍ ስለሚበልጥ አካል ማሰብ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ የምለው ግን ተማሪው ከዚህ ሥራ ይዞ የሚወጣው ኮከቡን አይደለም። ብዙ መረጃ ማጣራት፣ የልኬት ስሕተትን ማስላት፣ ከሚያሳስት ነገር እውነተኛውን መለየት ይማራል። ቅጠል በዓይን ከሚታየው ብርሃን ይልቅ ቅርቡን ኢንፍራሬድ አብዝቶ ስለሚያንጸባርቅ ሳተላይቶች የሰብልን ሁኔታ የሚከታተሉት በዚሁ ጨረር ነው። ፊዚክሱ አንድ ነው፤ የሚለየው ቴሌስኮፑ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መዞሩ ነው።

ደግሞም ሰማዩ የእኛም ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ኦሪዮን አናታችን አካባቢ ያልፋል፤ በደቡብ ያለው የቲደብልዩ ሃይድሬ ቡድንም ከአድማሳችን በላይ ደህና ከፍ ይላል። እንጦጦ ላይ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ በ2015 የተመረቁ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ በላሊበላ አካባቢ ተራሮችም ለተሻለ ቦታ ጥናት ሲደረግ ቆይቷል። ነገ ከነገ ወዲያ ትልቅ ቴሌስኮፕ ቢተከል ማን ሊሠራበት ነው? መረጃ ነክቶ የማያውቅ ተመራቂ ቴሌስኮፕ ቢሰጡት ምን ያደርግበታል?

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በካታሎግ መረጃ የሚሠሩ ርዕሶች በሲኒየር ፕሮጀክት ዝርዝር ውስጥ ይግቡ፤ ወጣት ቡናማ ድንኮችም መጀመሪያ ላይ ይቀመጡ። ሁለተኛ፣ በኮምፒውተር ላቡ ሶፍትዌሩና የጥቂት ዘለላዎች ሠንጠረዥ ይጫን፤ ወጪው ከአንድ ሃርድ ዲስክ አይበልጥም። ሦስተኛና ዋነኛው፣ ግምገማው ይስተካከል። «አዲስ ዕጩ አላገኘሁም፤ ያላገኘሁበት ምክንያትም ይኸው» ብሎ በማስረጃ የጻፈ ተማሪ ጥሩ ውጤት ይገባዋል። አለዚያ ተማሪው ያላየውን አየሁ እንዲል እየገፋነው ነው።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል። 470 ሚሊዮን ነጥብ በነፃ ተቀምጦ «መረጃ የለንም» ማለት ከዚህ በምን ይለያል? ቴሌስኮፑ ሲመጣ ይምጣ፤ እስከዚያው ግን የሚቀጥለው ባች ርዕስ ሲመርጥ ቢያንስ አንድ ሰው ሲግማ ኦሪዮኒስን እንዲሞክር አድቫይዘሮቻችን ይፍቀዱ። እንወያይበት።